ጥቂትም ብትሆን አታቋርጧት
(ከሬዲዮ ትምህርት የተወሰደ)

 

ውድ አድማጮች!  የዛሬው ርእሳችን ብዙዎቻችን በየዓመቱ የምንጀምረውና በየዓመቱ የምናቋርጠው ጉዳይ ነው። እርሱም ማንበብ፣ መጻፍና ሰውነትን ማንቀሳቀስ ነው። ረመዳን ሲገባ እንወጥናለን፣ ሸዋል ሳያልቅ እንተዋለን። መስከረም ሲጠባ ደብተር እንገዛለን፣ ጥቅምት ሳይገባ ደብተሩ የልጆች መጫወቻ ይሆናል። ለምን እንዲህ ይሆናል? እንዴትስ መዝለቅ ይቻላል? ሌላውን ከመምከሬ በፊት በራሴ ልጀምር።

ከኋላዬ የታረምኩባት ሌሊት

እኔ ፓዌ የገባሁት በ1977 ዓ.ም.፣ በሰፈራው ጊዜ፣ ወላጆቼ ከወሎ ሲመጡ ነው። ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። መንደሮቻችን በስም ሳይሆን በቁጥር የሚጠሩ ነበሩ። ቁርኣን የቀራሁት በጭቃ በተመረገች መድረሳ፣ በእንጨት ሉሕ ላይ እየጻፍኩ ነው። በሉሑ ላይ ያለው በቃል ሳይያዝ ሉሑ አይታጠብም ነበር። በኋላ ኮሌጅ ገባሁ፣ ተመረቅሁ፣ ተመልሼም ኢማም ሆንኩ።

ከዚያ በኋላ ግን ሙራጀዓዬ ላላ። ሽምግልናው፣ ለቅሶው፣ ኒካሑ፣ የልጆች ጉዳይ ቀኑን በሉት። በአንድ ረመዳን ተራዊሕ እያሰገድኩ ሱረቱል አዕራፍ ላይ ቆምኩ። ወደፊትም ወደኋላም መሄድ አቃተኝ። ከኋላዬ የነበረ የአሥራ አራት ዓመት ደረሳ አቃናኝ። በዚያች ሌሊት ያ ልጅ ሦስት ጊዜ አረመኝ። ከሰላት በኋላ ማንም ምንም አላለኝም። ዝምታቸው ከወቀሳ በላይ ከበደኝ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቁርኣንን በቃል የያዘን ሰው ግመሎቹን ካሰረ ሰው ጋር አመሳስለውታል። እየተመለከታቸው ከጠበቃቸው ይቆዩለታል፣ ከለቀቃቸው ይሄዱበታል። የእኔ ግመሎች ሳላውቀው ሄደው ነበር።

ይህ በቁርኣን ብቻ የሚደርስ አይደለም። አባቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ ሰው ነበሩ። ያ ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን በዓመቱ ከዩኔስኮ ሽልማት ያገኘ ትልቅ ሥራ ነው። አባቴም የምስክር ወረቀታቸውን ተቀብለዋል። ይሁን እንጂ በቤታችን የሚነበብ ነገር አልነበረም። ቀኑ በእርሻ፣ ሌሊቱ በወባ አለፈ። በእርጅናቸው ጊዜ ስማቸውን ከመጻፍ በቀር የቀራቸው አልነበረም። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲመጣላቸው እኔ እስክመጣ ድረስ በኪሳቸው ይዘውት ይውሉ ነበር። ማንበብ አንዴ ከተያዘ የማይጠፋ ሀብት የሚመስለን ካለን ተሳስተናል።

የትልቅ ዕቅድ ጉዳት

ከዚያች ሌሊት በኋላ በቁጭት ዕቅድ አወጣሁ። በቀን ሦስት ጁዝእ ልከልስ፣ በየቀኑ ሁለት ገጽ ልጽፍ፣ ከሱብሒ በኋላ እስከ ወንዙ ልሮጥ። አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ትኩሳት ያዘኝ፣ ስድን ደግሞ ያመለጠኝን ሳሰላ ዕዳው ገደል ሆነብኝ፤ ሁሉንም ተውኩት። ሰነፍ ነኝ አልኩ። ነገር ግን ችግሩ ስንፍና ብቻ አልነበረም።

ውድ አድማጮች! የዐብደላህ ኢብን ዐምር ኢብኑል ዓስን (ረ.ዐ.) ታሪክ እናስታውስ። እኚህ ወጣት ሰሓባ ቀኑን ሁሉ ሊጾሙ፣ ሌሊቱንም ሁሉ ቁርኣን ሊቀሩ ቆረጡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲሰሙ ሰውነትም፣ ዓይንም፣ ባለቤትም ሐቅ እንዳላቸው ነግረዋቸው፣ ከየወሩ ሦስት ቀን እንዲጾሙና ቁርኣኑን በወር እንዲያኸትሙ መከሯቸው። እርሳቸው ግን ከዚህ በላይ እችላለሁ እያሉ አስጨመሩ። ዕድሜያቸው ሲገፋ ያቺን ቀላሏን ምክር ተቀብዬ በሆነ ኖሮ ብለው ተመኙ። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። ዕቅድ የሚወጣው ጉልበት በሞላበት ቀን ነው፤ የሚፈጸመው ግን በደከሙበትም ቀን ጭምር ነው። ስለዚህ የምንወጥነው ሥራ ለደከምንበት ቀን የሚመጥን መሆን አለበት።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስም አላህ ዘንድ ይበልጥ ተወዳጅ የሆነው ሥራ፣ ጥቂት ቢሆንም የሚዘወተረው መሆኑ ተነግሮናል።

ሥራውን በሰላት ላይ ማሰር

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ጥናት አድርገው በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል። 96 ሰዎች አንዳንድ ትንሽ ሥራ መርጠው በየቀኑ በአንድ በታወቀ ሰዓት ወይም ሁኔታ ላይ፣ ለምሳሌ ከቁርስ በኋላ፣ እንዲያደርጉት ተጠየቁ። ሥራው ሳይታሰብ የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። ለአንዳንዱ 18 ቀን፣ ለሌላው እስከ 254 ቀን እንደሚወስድ ተገምቷል። አንድ ቀን ማለፍም ልማዱን እንደማያፈርሰው ታየ። እኔ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተስፋ የቆረጥኩት ገና በመንገዱ መጀመሪያ ላይ ሆኜ ነበር ማለት ነው።

ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ አላህ በቀን አምስት የማይናወጡ ካስማዎች ተክሎልናል። አዲስ ሰዓት መፈለግ አያስፈልገንም፤ ሥራችንን በሰላቱ ላይ ማሰር ብቻ ነው።

ንባብ፦ በብዙ ቤቶች የሚገኘው የመዲና ሙስሐፍ 604 ገጽ ነው። ከየሰላቱ በኋላ አራት ገጽ የቀራ በቀን አንድ ጁዝእ ያህል ይቀራል፣ በወር ያኸትማል። ይህ የከበደው ከየሰላቱ በኋላ አንዲት ገጽ ይቅራ፤ በቀን አምስት ገጽ ነው፣ በአራት ወር ያኸትማል። ሌላ መጽሐፍም እንዲሁ ነው። በቀን አሥር ገጽ ያነበበ 300 ገጽ መጽሐፍ በወር ይጨርሳል። ሰሓቦችም ቁርኣኑን በሰባት ቀን ከፍለው፣ ለየቀኑ ድርሻ መድበው ይቀሩ እንደነበር ተዘግቧል። ድርሻን መመደብ የቆየ ሱና እንጂ አዲስ ፈጠራ አይደለም።

ጽሕፈት፦ የመጀመሪያው ወሕይ የወረደው በንባብ ትእዛዝ ሲሆን ብዕርንም ያወሳል። እኔ ከዒሻ በኋላ አምስት መስመር ብቻ እጽፋለሁ። ያነበብኩትን፣ ሰው የጠየቀኝን፣ ያልመለስኩትን ጥያቄ እመዘግባለሁ። አምስት መስመር በዓመት 1825 መስመር ነው። ገጹ 25 መስመር ባለው ደብተር 73 ገጽ ይሆናል። ይህ ንግግር ራሱ ከዚያ ደብተር የወጣ ነው። በአገራችን ቁርኣን ወደ አማርኛ ተተርጉሞ በ1961 ዓ.ም. ለኅትመት የበቃውም ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብና ሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅ አንቀጽ በአንቀጽ ሠርተውት ነው። አላህ ይዘንላቸው።

እንቅስቃሴ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ የመሰለ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት አምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ማለት ነው። ገበሬው ወንድማችን ማሳው ላይ ከዚህ በላይ ይሠራል። እንደ እኔ ወንበርና ምንጣፍ ላይ የሚውለው ግን ደም ግፊቱ ሲለካ ይደነግጣል። እኔ መስጊድ ስድስት ደቂቃ ርቀት ላይ እያለ በሞተር ሳይክል እሄድ ነበር። አሁን በእግሬ ነው። ለአምስቱ ሰላት ደርሶ መልስ ስድሳ ደቂቃ ይሆናል። ወደ መስጊድ የሚራመድ ሰው በእርምጃው አጅር እንዳለው ታውቃላችሁ። የፓዌ ፀሐይ ለሚከብደው ደግሞ ከሱብሒ በኋላና ከመግሪብ በፊት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ከባለቤታቸው ከዓኢሻ ጋር እሽቅድድም ሮጠዋል። ስለዚህ እህቶችም ይህ ለወንድ ብቻ ነው አይበሉ።

ያመለጠ ቀንስ?

ወድቆ የማያውቅ ዕቅድ የለም። ሸሪዓችን ለዚህም መንገድ አለው። የሌሊት ድርሻው በእንቅልፍ ያመለጠው ሰው በሱብሒና በዙህር መካከል ቢቀራው በሌሊት እንደቀራው እንደሚጻፍለት ሙስሊም ዘግበዋል። ስለዚህ ያመለጠን በማግስቱ ጠዋት መካስ እንጂ ዕዳውን እየቆለሉ መሸሽ አይገባም። እንዲሁም የታመመ ወይም መንገደኛ የሆነ ሰው በጤናውና በአገሩ ሳለ ይሠራው የነበረው እንደሚጻፍለት ቡኻሪ ዘግበዋል። ይህን ልብ በሉ! ብሥራቱ በደኅናው ጊዜ ይሠራ ለነበረ ሰው ነው።

በ2013 ዓ.ም. በመተከል የጸጥታ ችግር በበረታበት ጊዜ ጎሕ ሳይቀድ መውጣት አይቻልም ነበር። ያኔ በግቢዬ ውስጥ ከቋሚው እስከ አጥሩ እመላለስ ነበር። ልጆቼ ይስቁብኝ ነበር። ነገር ግን መንገዱ ሲከፈት እንደ አዲስ መጀመር አላስፈለገኝም።

ውድ አድማጮች! ዛሬ ማታ ሦስት ነገር አድርጉ። አንዲት ትንሽ ሥራ ምረጡ። ከየትኛው ሰላት በኋላ እንደምትሠሯት ወስኑ። ለአንድ ሰው፣ ለባለቤታችሁ ወይም ለጓደኛችሁ፣ ንገሩ። እኔ የነገርኩት ለዚያ ላረመኝ ደረሳ ነው። ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል። ከዐስር በኋላ እኔ እቀራለሁ፣ እርሱ ያዳምጣል። አዕራፍ ተመልሳለች፣ አልሐምዱሊላህ። ገና ያልተመለሱ ሱራዎች አሉ፤ ኢንሻአላህ በየገጹ እንሄዳለን።

አላህ ጽናቱን ይስጠን። ወቢላሂ ተውፊቅ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።