ቆሬ መጥታችሁ ልጆችን ማገልገል ለምትፈልጉ

ሰኔ ሲቃረብ ስልኬ ላይ አንድ ዓይነት መልእክት ይበዛል፦ «ከቤተ ክርስቲያናችን ዐሥራ ሁለት ሆነን ለዐሥር ቀን እንመጣለን። ድሃ ልጆችን ማገልገል ነው የምንፈልገው። ምን ይዘን እንምጣ?» ገሚሱ የሚጻፍልኝ አሜሪካና አውሮፓ ካሉ የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት ወጣቶች ነው፤ ገሚሱ ከፈረንጆች። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ቻናል ላይ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብያለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ቆሬ ሰፈር ነው። በልጅነቴ ሰዎቻችን «የፕሮጀክት ልጅ» የሚሉን ዓይነት ነበርኩ፤ ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛልኝ ከባሕር ማዶ በተላከ ገንዘብ ነበር። ካደግሁ በኋላ ደግሞ ለሚመጡት ቡድኖች አስተርጓሚ ሆኜ ዓመታት አሳልፌያለሁ። በሁለቱም በኩል ቆሜ አይቼዋለሁ።

መጀመሪያ ሰፈሩን እወቁልኝ፤ ሰፈሩን ሳያውቁ ልጆቹን ማወቅ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1934 ኢትዮጵያ ውስጥ በዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚመራው የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን አዲስ አበባ ዳር ላይ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ከፈተ። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስምም ተሰየመ፤ አካባቢው እስከ ዛሬ ዘነበወርቅ የሚባለው ከዚያ የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 እዚያው ላይ አለርት ተመሠረተ፤ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሐኪሞች ማሠልጠኛ እንዲሆን ታስቦ። ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ሕሙማን እየመጡ ታከሙ። ታክመው ግን አልተመለሱም። አገር ቤት የሚቀበላቸው አልነበረም፤ ትዳር የፈረሰበት፣ መሬቱን ወንድሙ የወሰደበት፣ እናቱ ሳትቀር ከምንጭ ውኃ እንዳይቀዳ የከለከለችው ነበር። ስለዚህ ከሆስፒታሉ አጥር ጥግ፣ ዛሬ ቆሬ በሚባለው ቦታ፣ ጎጆ ቀለሱ፤ እርስ በርስ ተጋቡ፤ ወለዱ። እኔ ከነዚያ ልጆች አንዱ ነኝ።

በሽታው በዘር አይተላለፍም። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት እንዲሰጥ የመከረው የተቀናጀ መድኃኒት አለ፤ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ተወስዶ ያድናል፤ ሕክምናውን የጀመረ ሰውም ብዙም ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል። ጣት የሚቆረጠው በሽታው ሥጋ ስለሚበላ አይደለም። ነርቭን ስለሚጎዳ እጅና እግር ይደነዝዛል፤ የደነዘዘ እጅ ሲቃጠል አያውቅም፤ የደነዘዘ እግር ሚስማር ሲወጋው አይሰማውም። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አጥንቱን ይጎዳል፣ እያለ እያለ ጣቱ ያጥራል። እናቴ የፈላ ድስት በባዶ እጇ ከምድጃ ታወርድ ነበር። እኔና እኅቴ ገና አፍ ስንፈታ ከተማርናቸው ቃላት አንዱ «እሳት!» የሚለው ነው። እሷ የማይሰማትን ሙቀት እኛ እየነካን እንነግራት ነበር። የቆሬ ልጅ ማለት ይህ ነው፤ ለእናቱ እጅ ሆኖ ያደገ ልጅ። ትምህርት ቤት ስንገባ ደግሞ «ሰፈራችሁ የት ነው?» ሲሉን የሌላ ሰፈር ስም ጠርተን «አየር ጤና» እንላለን። ቆሬ ካልን ከጎናችን የሚቀመጥ አይኖርም።

አጠገባችን ቆሼ የሚባለው የአዲስ አበባ ቆሻሻ መጣያ አለ። ከቆሻሻው ውስጥ ፕላስቲክና ብረት ለቅመው ሸጠው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ስንት እናቶች አውቃለሁ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት ዓለም ስማችንን ለጥቂት ቀን ሰማ፤ ከዚያ ረሳው።

እንግዲህ ቡድን የሚመጣው ወደዚህ ሰፈር ነው።

መልካሙን ላስቀድም። ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ከቡድን ጋር የመጣች አንዲት ፈረንጅ ሴት ቤታችን ገባች። እናቴ እንደ ልማዷ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ እጇን ዘረጋችና ዝም ብላ ጠበቀች። እናቴ ቆይታ አወጣች። ሴትዮዋ ያንን ጣቶቹ ያጠሩበትን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ሻይ እስኪቀርብ ድረስ አልለቀቀችም። በዚያ ዘመን የታክሲ ረዳት እንኳ የእናቴን ሳንቲም ከእጇ አይቀበልም ነበር። ያቺን ሴት እናቴ እስክትሞት ድረስ በጸሎቷ ታነሣት ነበር፤ ስሟን ግን አታውቀውም ነበር። ስለዚህ «ቡድን አይምጣ» ከሚሉት ወገን አይደለሁም።

ሌላውን ደግሞ ልንገራችሁ። በሌላ ዓመት የመጣ ቡድን አምስት ቀን አብሮን ሰነበተ። መዝሙር፣ ኳስ፣ ፊኛ፣ ፊት ላይ የሚቀባ ቀለም። ታናሽ እኅቴን አንዷ ወጣት አዝላት ነው የዋለችው። የመጨረሻው ቀን ሁሉም አለቀሱ፤ «እንመለሳለን» አሉ። እኅቴ አምናቸው ከሳምንት እስከ ሳምንት የግቢው በር ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። በዓመቱ ሌላ ቡድን መጣ፤ ሌላ ሰው አዘላት። በሦስተኛው ዓመት እኅቴ አልጠበቀችም፤ የመጣውን ሁሉ ሮጣ እያቀፈች፣ ሲሄዱ ዞር ብላም አታይም። ጎብኚዎቹ «እንዴት ፍቅር የሆነች ልጅ!» ይላሉ፤ እኔ እተረጉማለሁ። ልጅ ማንንም እንግዳ ሳይለይ ሲያቅፍ ብዙ ጊዜ ስንብት የለመደ ልጅ ነው። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ ማንበብ አላስፈለገኝም።

ፎቶውም አለ። የእናቶቻችን እጅ፣ የእኛ ባዶ እግር፣ የቆሼ ጭስ። ማን ጠይቆን? ያ ፎቶ የት እንደዋለ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከሁሉም ልቤን የነካው ግን ብዙም ፎቶ ያልተነሣበት አንድ ጉብኝት ነው። የቡድኑ መሪ ከመምጣታቸው ወራት አስቀድሞ ለአጥቢያችን የልጆች አገልግሎት እኅቶች ደብዳቤ ጻፈ፤ «እኛ ባንመጣ ኖሮ በዚህ ገንዘብ ምን ታደርጉ ነበር?» ሲል ጠየቃቸው። ደብዳቤውን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ እንዲህ ተጠይቀው አያውቁም። ከዚያ አንዷ፣ «እናቶቹ ቆሼ ሲወርዱ ሕፃናቱን ይዘው ነው የሚወርዱት። የሚቀመጡበት ቤት ቢኖር» አለች። ለግድግዳ ሥዕልና ለስጦታ ታስቦ የነበረው ገንዘብ የአንድ የሕፃናት ማቆያ ክፍል ኪራይና የሁለት ሞግዚቶች ደመወዝ ሆነ። ቡድኑም መጣ፤ ግን ከዐሥራ አራት ወደ አራት ቀንሶ፣ የቀሪዎቹ የቲኬት ዋጋ ለማቆያው ተጨምሮ። ከአራቱ አንዷ ነርስ ነበረች፤ እናቶቹ ማታ ማታ እግራቸውን እያገላበጡ ቁስል እንዲፈልጉ፣ እግራቸውን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ቅባት እንዲቀቡ ከሞግዚቶቹ ጋር ሆና አስተማረች። ልጆቹ የዚያን ቡድን ስም አያስታውሱም። ሞግዚቶቻቸውን ግን «እቴቴ» እያሉ ነው ያደጉት።

ቅድም የጠቀስኩት የላምቢ ሚሽን ያቆመው ሕክምና እኮ ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ጣሊያን መጥቶ ሄዷል፣ መንግሥታት ተቀያይረዋል፣ የቆሬ ሰው ዛሬም ቁስሉን እዚያው ግቢ ያሳጥባል። እኔ አገልግሎት የምለው እንደዚህ ያለውን ነው። ዐሥር ቀን ያላችሁ ሰዎች ዐሥር ቀናችሁን እዚያው ለሚቀሩት ሰዎች ጉልበት እንድታደርጉት እለምናችኋለሁ።

አማርኛ ለምትናገሩ የዲያስፖራ ወጣቶች የተለየ ቃል አለኝ። ፈረንጆቹ የሌላቸው ነገር አላችሁ። ያለ አስተርጓሚ አንዲት አሮጊት አጠገብ ተቀምጣችሁ «እማማ፣ አገርዎ የት ነው?» ማለት ትችላላችሁ። ከወጡበት መንደር ስንት ዓመት እንደሆናቸው፣ ማንን ትተው እንደመጡ ይነግሯችኋል። ቡና ያፈሉላችኋል፤ ጠጡላቸው። ሲኒውን ከእጃቸው ተቀበሉ። የልጅ ልጃቸው ከጥግ ሆኖ ያያችኋል፤ ከፊኛው ይልቅ ለእሱ ይህ ይበልጥበታል።

ለልጅ ስጦታ ካላችሁ በወላጁ እጅ ይሰጥ፤ አባት በልጁ ፊት ድሃ ሆኖ አይቁም። እጅ፣ እግር፣ ፊት ፎቶ አታንሡ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «እንመለሳለን» አትበሉ።

«ምን ይዘን እንምጣ?» ላላችሁኝም፦ ሻንጣ ከመሙላታችሁ በፊት፣ ቲኬትም ከመቁረጣችሁ በፊት ጻፉልኝ። ከማቆያው እኅቶች ጋር በስልክ አገናኛችኋለሁ፤ እናንተ ጠይቋቸው፤ የሚሏችሁን ያዙ። ምናልባት ዘንድሮ አትምጡ፣ የሞግዚት ደመወዝ ላኩልን ይሏችሁ ይሆናል። ካሏችሁ እመኗቸው።