በማዕዳችን ላይ ስላለው የፕላስቲክ ብናኝ

አባቶቻችን ውሃ በእንስራ ቀድተው፣ ጠላ በጋን ጠምቀው፣ ወተት በቅል ንጠው ሲኖሩ ዕቃው ራሱ ከምግቡ ጋር ይበላል ብለው የሚሠጉበት ምክንያት አልነበራቸውም። ሸክላ ቢፈረፈር አፈር ነው፤ ቅልም ቢያረጅ ይበሰብሳል። ዛሬ ግን ውሃው በጀሪካን፣ ዘይቱ በፕላስቲክ ዕቃ፣ እንጀራው በፌስታል፣ የሕፃኑም ወተት በጡጦ ሆኗል፤ የነዚህም ዕቃዎች ትቢያ ከምንበላውና ከምንጠጣው ጋር ወደ ሰውነታችን እንደሚገባ ጠበብት በመሣሪያ መርምረው ደርሰውበታል። ይህ ወሬ በሬዲዮና በስልክ በመጣ ቁጥር አንዳንዱ ሰው ከመጠን በላይ ይደነግጣል፤ ሌላው ደግሞ የፈረንጅ ወሬ ነው ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ለቤተሰብ የሚጠቅሙ አይደሉምና፣ የተረጋገጠውን ከሚጠረጠረው ለይተን፣ በየቤታችን ልናደርገው የምንችለውንም ጨምረን ለክቡራን አንባብያን ልናቀርብ ወድደናል።

አብዛኛው ፕላስቲክ ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ በኬሚስትሪ ጥበብ የሚሠራ ነው። ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ የሆነውን የመጀመሪያውን ዓይነት ሊዮ ቤክላንድ የተባለ በቤልጅግ የተወለደ ኬሚስት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. ሠራው። ዛሬ ፌስታልና ጀሪካን የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን የተባለው ደግሞ በ1933 በእንግሊዝ አገር ሌላ ነገር ሲፈለግ በድንገት የተገኘ ነው። የፕላስቲክ ጠባዩ እንግዳ ነው፤ እንደ እንጨት አይበሰብስም፣ ነገር ግን ይሰባበራል። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ሙቀት ያላላዋል፣ መፋተግም ይፍቀዋል። ይሁን እንጂ ቢሰባበርም ያው ፕላስቲክ ነው፤ ትልቁ ትንሽ፣ ትንሹም ከዓይን የተሰወረ ይሆናል እንጂ ወደ አፈርነት አይመለስም። በእንግሊዝ አገር የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑት ሪቻርድ ቶምሰንና ባልንጀሮቻቸው በ2004 በባሕር ዳርቻ አሸዋ ውስጥ ያገኙትን ደቃቅ ስብርባሪ ማይክሮፕላስቲክ ብለው ጠሩት። ከዚያ ወዲህ ከ5 ሚሊ ሜትር የሚያንሰው ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ የሚያንሰው ግን ናኖፕላስቲክ የሚል ስም ተሰጥቶታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም ብናኝ እንላቸዋለን።

በአሜሪካ በኒው ዮርክ ግዛት በፍሬዶንያ ከተማ የሚገኝ ዩኒቨርሲቲ በ2018 ከዘጠኝ አገሮች የተሰበሰቡ 259 የታሸገ ውሃ ጠርሙሶችን መርምሮ ከመቶው በ93ቱ ውስጥ ብናኝ አገኘ፤ ብዛቱም በአማካይ በአንድ ሊትር 325 ያህል ነበር። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በዚያው በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በብርሃን ጨረር በሚሠራ አዲስ መሣሪያ ሦስት ዓይነት የታሸገ ውሃ ቢመረምሩ በአንድ ሊትር ውስጥ በአማካይ 240,000 ያህል ብናኝ ቈጠሩ። አንባቢ ይህን ሲሰማ ውሃው በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ተበላሸን ብሎ እንዳይደነግጥ እንለምናለን። ቁጥሩ ያደገው መሣሪያው ረቂቁን ማየት ስለቻለ ነው። ሰው በመስኮት የገባውን የፀሐይ ጨረር ሲያይ የቤቱን አቧራ እንደሚያይ ሁሉ፣ አቧራው የተፈጠረው ጨረሩ በገባ ጊዜ አይደለም። ይሁንና ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን፤ በአገራችን የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ለጠርሙሱ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ «ሃይላንድ» የምንለው ዕቃ፣ ውሃው ከጀርም የጠራ ቢሆንም እንኳ ከፕላስቲክ የጠራ አይደለም።

ነገሩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን በዝዋይ ሐይቅ የተደረገውን ምርመራ እንጥቀስ። በ2020 በታተመው በዚህ ጥናት ከሐይቁ ከተያዙት አራት ዓይነት ዓሦች ከመቶው በ35ቱ አንጀት ውስጥ ፕላስቲክ ተገኝቷል። የሐይቁን ወለል እየቆፈሩ የሚመገቡት ዓሦች ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ውጠው ነበር። ዓሣ የሚበላ ቤተሰብ ሆድ ዕቃውን በሚገባ አውጥቶ ማጠቡ ከጥንትም የታወቀ ልማድ ነው፤ አሁን አንድ ምክንያት ተጨመረለት ማለት ነው።

ወደ ሰውነት ከገባ በኋላስ ምን ያደርጋል? አብዛኛው፣ ይልቁንም ትልልቁ፣ በሆድ አልፎ ይወጣል። ረቂቁ ግን ሁሉም አይወጣም። በሆላንድ አገር በ2022 የታተመ ምርመራ ደም ከሰጡ 22 ጤነኞች በ17ቱ ደም ውስጥ ፕላስቲክ አግኝቷል። በኢጣልያ ደግሞ በ2021 ከተመረመሩ ስድስት እንግዴ ልጆች በአራቱ ተገኝቷል። ከሁሉ ይልቅ ሐኪሞችን ያሳሰበው በ2024 የወጣው የኢጣልያ ሐኪሞች ሥራ ነው። በአንገታቸው ደም ሥር ውስጥ የተጋገረ ስብ በቀዶ ጥገና ከወጣላቸው 257 በሽተኞች በ150ዎቹ ስብ ውስጥ ፖሊኤቲሊን ተገኘ። እነዚህም በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ በልብ ድካም፣ በስትሮክ ወይም በሞት የመያዛቸው ነገር ከሌሎቹ አራት እጥፍ ተኩል ያህል ሆኖ ታየ። ሆኖም ሐኪሞቹ ራሳቸው እንዳስጠነቀቁት፣ ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አያረጋግጥም። ስለዚህ ፕላስቲክ ገዳይ ነው ብሎ መጮህ ከዕውቀት የቀደመ ድፍረት ነው፤ ምንም አይደለም ማለትም እንዲሁ።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 ስለ መጠጥ ውሃ ባወጣው መግለጫ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈራው በውሃ የሚተላለፈው የበሽታ ጀርም መሆኑን አስታውቋል። ይህን ቃል በተለይ ለእናቶች ደግመን እንናገራለን። ፕላስቲክን ሸሽቶ ያልተፈላ የወንዝ ውሃ መጠጣት ከዝናብ ሸሽቶ ጎርፍ ውስጥ እንደ መግባት ነው፤ ኮሌራና ተቅማጥ በቀናት ውስጥ ሕፃን ይነጥቃሉና። የጀሪካንንም ውለታ መካድ አይገባም። ውሃ የሞላ እንስራ በጀርባዋ ተሸክማ ዳገት የወጣች እናት፣ ቀላልና የማይሰበር ዕቃ ሲመጣላት ምን ያህል እንዳረፈች እርስዋ ታውቃለች። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማም ጀሪካንና ሮቶ የሌለው ቤት ልጆቹን ምን ያጠጣል? የምንመክረው ፕላስቲክን ከቤት ማባረር ሳይሆን በቦታው ማዋል ነው።

ቦታውም የሚለየው በእሳት ነው። በልዩ ልዩ አገር የተደረጉት ምርመራዎች ሁሉ በአንድ ቃል የሚስማሙበት ነገር ቢኖር፣ ሙቀት ከፕላስቲክ ብናኝ አብዝቶ የሚያወጣ መሆኑ ነው። በአየርላንድ የደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ በ2020 እንዳሳየው፣ ፖሊፕሮፒሊን ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራ ጡጦ ትኩስ ውሃ ተጨምሮበት ሲናጥ በአንድ ሊትር እስከ 16 ሚሊዮን ብናኝ ይለቃል፤ ውሃው በሞቀ ቁጥር ብናኙ ይበዛል፣ በቀዘቀዘ ቁጥር ያንሳል። በአሜሪካ የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ በ2023 ለሕፃናት ምግብ የተሠሩ ዕቃዎችን በማይክሮዌቭ ለ3 ደቂቃ ቢያሞቅ፣ ከአንዳንዱ ዕቃ አንዲት ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ከ4 ሚሊዮን የሚበልጥ ማይክሮፕላስቲክና ከ2 ቢሊዮን የሚበልጥ ናኖፕላስቲክ ወጣ። ፕላስቲክ ያልሆነ የሚመስለው የወረቀት ኩባያ እንኳ ውስጡ በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ ነው። በሕንድ አገር በተደረገ ሙከራ ትኩስ ውሃ በእንዲህ ያለ ኩባያ 15 ደቂቃ ቢቆይ 100 ሚሊ ሊትሩ 25,000 ያህል ብናኝ ይዞ ተገኝቷል።

እንግዲህ ከሕፃኑ እንጀምር። የእናት ጡት የሚበቃው ሕፃን ከጡጦው ብናኝ የዳነ ነው። በጡጦ መመገብ ግድ የሆነባት እናት ዱቄት ወተቱን በብርጭቆ ወይም በማይዝግ ብረት ዕቃ ውስጥ ትበጥብጠው። ጀርም እንዲሞት ውሃው ከ70 ዲግሪ ማነስ የለበትምና ይህን አትተው። ለብ እስኪል ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ ጡጦው ትገልብጠው። ጡጦውም በፈላ ውሃ ከተቀቀለ በኋላ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ፤ ወተቱ ከገባ በኋላም አጥብቆ መናጥ አያስፈልግም። የጠርሙስ ጡጦ መግዛት የሚችል ቤት ደግሞ ከዚህ ድካም ይድናል።

ቀጥሎ የምናነሣው ነገር በየዕለቱ በዓይናችን የምናየው ነው። ትኩስ ሽሮ ከምግብ ቤት በፌስታል ይላካል፤ ከምጣድ የወጣ እንጀራ ሳይበርድ በፌስታል ይጠቀለላል፤ የፈላ ሻይ በስስ ፕላስቲክ ኩባያ ይቀርባል። እንጀራ ሰፌድ ላይ በርዶ ወደ መሶብ ይገባ የነበረው በከንቱ አልነበረም። ሽሮ ለመውሰድ የሚሄድ ልጅም ክዳን ያላት የብረት ዕቃ ቢይዝ ምን ያሳፍረዋል? የቀድሞ ሰው ምሳውን በሳሕን ቋጥሮ መንገድ ይሄድ አልነበረምን?

በማኅበር፣ በሰንበቴና በዝክር ጊዜ ከቅርብ ዘመን ወዲህ የሚጣል የፕላስቲክ ሳሕንና ኩባያ በዝቷል። ምክንያቱን እናውቃለን፤ ለመቶ ሰው ዕቃ የሚያጥቡት ሁልጊዜ እናቶችና ልጃገረዶች ናቸውና ደክሟቸዋል። ነገር ግን መፍትሔው ትኩስ ወጥ በስስ ፕላስቲክ ላይ ማፍሰስ አይመስለንም። የብረት ሳሕንና ብርጭቆ ያለው ዕድር በየሰፈሩ አለ፤ የሌለው ማኅበርም በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያዋጣ በዓመት ውስጥ ሊገዛ ይችላል። ጎልማሶቹም ከበሉ በኋላ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቢያጥቡ ክብራቸው የሚቀንስ አይደለም፤ ይህን የምንለው በሚገባ አስበንበት ነው። ለጠላና ለጠጅ በርሜል የሚገዙም ይጠንቀቁ፤ አስቀድሞ ኬሚካል ተሞልቶበት የነበረ በርሜል ከብናኙ የከፋ መርዝ ሊተው ይችላል።

ቀዝቃዛ ውሃ በጀሪካን መቀመጡ ከትኩሱ እጅግ ያነሰ ነገር ነው፤ ዳሩ ግን ፀሐይ የጀሪካን ጠላት ናት። በግቢ ፀሐይ ላይ የሚውል ጀሪካን ይነጣል፣ ይሰነጣጠቃል፤ የነጣውም ገጽ በጥፍር ሲፋቅ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ በጥላ ማኖር፣ የተሰነጠቀውንም ለመጠጥ ውሃ አለማዋል ይገባል። ውስጡን ጠጠርና አሸዋ ጨምሮ በመነቅነቅ ማጽዳት ፕላስቲኩን ይፍቃል፤ በሳሙና ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ወይም ብሩሽ ማጠብ ይሻላል። ጠበል የሚቀዱ ምእመናንም ይህን ያስቡ። ነገራችን ስለ ዕቃው ብቻ ነው። አሮጌ ሃይላንድ በተደጋጋሚ ሞልቶ በመኪና መስታወት ሥር ፀሐይ ሲመታው እንዲሰነብት ከማድረግ ይልቅ፣ በንጹሕ የመስታወት ጠርሙስ ቀድቶ በጥላ ማስቀመጥ ለጠበሉም ክብር የሚስማማ ነው።

የሚያስደስት ዜናም አለ። በቻይና በጓንግዡ ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች በ2024 እንዳስታወቁት፣ የቧንቧ ውሃ 5 ደቂቃ ቢፈላ ብዙ ብናኝ ይወገዳል። ምሥጢሩ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ነው። ኖራ የበዛበት ውሃ ሲፈላ ኖራው እየጠጠረ ይዘቅጣል፤ ሲዘቅጥም ብናኙን አቅፎ ይወርዳል። ኖራ እጅግ በበዛበት ውሃ እስከ ከመቶ 90 የሚሆነው ተወግዷል፤ ኖራ በሌለበት ለስላሳ ውሃ ግን ከመቶ 25 ያህል ብቻ። ስለዚህ ማንቆርቆሪያው የሚነጣበት ቤት ውሃውን አፍልቶ፣ አብርዶ፣ ዝቃጩን ሳያናውጥ በቡና ማጥለያ ወረቀት ቢያጠልለው ጀርሙንም ብናኙንም በአንድ ድካም ይከላከላል። ማፍያው ግን የብረት ይሁን።

ሩዝ ከመቀቀሉ በፊት ቢታጠብ ከብናኙ ከመቶ ከ20 እስከ 40 እንደሚሄድለት በአውስትራልያ በ2021 ታይቷል። ቤት ሲጠረግ አቧራው እንዳይነሣ ውሃ መርጨት፣ ምግብም ከድኖ ማቆየት ይጠቅማል፤ የናይሎን ልብስና ምንጣፍ ብናኝ በአየር ወርዶ ማዕድ ላይ ያርፋልና። ከሰል ለማቀጣጠል ፌስታል የሚያነድዱ ግን ፈጽመው ይተዉት፤ ጢሱ ከምንናገርለት ብናኝ ሁሉ ይልቅ ፈጥኖ ሳንባን ይጎዳል።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ማጽደቁ ይታወሳል፤ ዘንቢልም ወደ ገበያ የሚመለስበት ጊዜ መጥቷል። ይህን ምክንያት አድርገው እንስራንም ወደ ቤት ሊመልሱ የሚያስቡ ቤተሰቦች አሉና አንድ ነገር እናሳስባቸዋለን። አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ልጅ እጁን ወይም ያልታጠበ ጣሳ ሲነክርበት ውሃው ይበከላል። እንስራው በየሳምንቱ ይታጠብ፣ ክዳን ይኑረው፤ መቅጃውም ረጅም እጀታ ያለው ጭልፋ ሆኖ ለብቻው በሚስማር ይሰቀል።