ዘጠኝ ዓመት የኖረችው የሶማሊያ ሪፐብሊክ

ሶማሊያ ስትነሣ ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታወሰን ጦርነት ነው። ከዚያ በፊት ግን በፓርላማ የምትተዳደር፣ ፕሬዚዳንቷ በድምፅ ተሸንፈው ሥልጣናቸውን በሰላም ያስረከቡባት አገር ነበረች።

ሰሜኑ ከእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1960 ነጻ ወጣ። የደቡቡ የጣሊያን ሞግዚትነት ጁላይ 1 ቀን አበቃ፤ በዚያው ዕለት ሁለቱ ተዋሐዱ። ውሕደቱን ማወጅ ቀላል ነበር፤ ሥራው ግን ከባድ ሆነ። የሰሜኑ ሀርጌሳ በእንግሊዝኛ፣ የደቡቡ ሞቃዲሾ በጣሊያንኛ ይጻጻፉ ነበር፤ ዳኞቻቸውም የሚፈርዱት በየራሳቸው ሕግ ነበር። ሶማሊኛ እስከ 1972 ድረስ ይፋዊ ፊደል ስላልነበረው ሕዝቡ የሚተዳደርበትን ሕግ በገዛ ቋንቋው ማንበብ አልቻለም። ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በጁን 1961 በሕዝበ ውሳኔ ጸደቀ። ሰሜኑ ግን አኩርፏል፤ ከ123 የምክር ቤት መቀመጫዎች 33 ብቻ ደርሰውት፣ ዋና ከተማውም ፕሬዚዳንቱም ጠቅላይ ሚኒስትሩም የደቡብ ሆነዋል። በዓመቱ መጨረሻ የሰሜን ወጣት መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ከሸፈባቸው።

ቢሆንም ሥርዓቱ ሠርቷል። ምክር ቤቱ ፕሬዚዳንቱን ለ6 ዓመት ይመርጥ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ የሚሾመው ጠቅላይ ሚኒስትር ደግሞ የምክር ቤቱን አመኔታ ማግኘት ነበረበት። በ1964 ጠቅላይ ሚኒስትር አብዲሪዛቅ ሐጂ ሁሴን ያቀረቡት ካቢኔ በጥቂት ድምፅ ልዩነት ወድቆባቸው ዳግመኛ ለመቅረብ ተገደዋል። በ1967 ፕሬዚዳንት አደን አብዱላ ዑስማን ለአብዲረሺድ አሊ ሸርማርኬ ተሸነፉና ቤተ መንግሥቱን ለቀቁ። በዘመኑ አፍሪካ ይህን ያደረገ መሪ ማግኘት ብርቅ ነበር።

ያው ሕገ መንግሥት ግን የሶማሊ ግዛቶችን አንድነት በሰላማዊ መንገድ ማራመድን የመንግሥት ግዴታ አድርጎት ነበር። ሶማሊያን ከእኛና ከኬንያ ጋር ያቃቃራትም ይኸው የአንድነት ዓላማ ነው። በ1964 ከኢትዮጵያ ጋር የድንበር ውጊያ ተካሄደ፤ በሶቪየት መሣሪያ የታጠቀው ሠራዊትም እየገዘፈ ሄደ። ምርጫው በበኩሉ የጎሳ ገበያ ሆነ፤ በ1969 ከ60 የሚበልጡ ፓርቲዎች ተወዳደሩ። ድምፁ ተቆጥሮ ሲያበቃ አብዛኞቹ የተቃዋሚ ተመራጮች ሹመትና ጥቅም ፍለጋ ወደ ገዢው ፓርቲ ገቡ። የመረጣቸው ሕዝብ እንደተካደ ቢሰማው አይፈረድበትም።

ኦክቶበር 15 ቀን 1969 ሸርማርኬ በላስ አኖድ ተገደሉ። ከስድስት ቀን በኋላ በጄኔራል ዚያድ ባሬ የሚመራው ሠራዊት ሥልጣን ያዘ፤ ምክር ቤቱን በትኖ ሕገ መንግሥቱን አገደ፤ ሥልጣናቸውን በሰላም ያስረከቡትን ዑስማንንም አሰራቸው።