ካሜራው የት ይቁም?

የጎንደር መልክ ለካሜራ ባዳ አይደለም። የፋሲል ግቢ በድሮን ከላይ ተቀርጿል፤ በሰሜን ተራሮች አፋፍ ላይ ሣር የሚነጨውን ጭላዳ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሰራጨው «ፕላኔት ኧርዝ» ለዓለም አሳይቶታል፤ ጥምቀት በደረሰ ቁጥር የፋሲል መዋኛ ዙሪያው በስልክ ካሜራ ይከበባል። ይህን ያህል የተቀረጸ አገር ስለ ሰዎቹ ኑሮ የሚተርክ ፊልም ግን አልበዛለትም። ለምን ሲባል ቀድሞ የሚመጣው መልስ የመሣሪያ እጦት ነው፤ ጥሩ ካሜራ የለም፣ መብራት የለም፣ ስቱዲዮ የለም ይባላል። እኔ ችግሩ ሌላ ቦታ ያለ ይመስለኛል። ፊልም መሥራት ከሁሉ በፊት ካሜራው የት ይቁም፣ ምን ያህል ይቆይ፣ በየትኛው ብርሃን ይታይ፣ ምን ይሰማ የሚሉ ጥያቄዎችን መመለስ ነው። ሾት፣ ፍሬም፣ ካት፣ ኤክስፖዠር እየተባሉ በሙያው ውስጥ የሚነገሩት ቃላትም የእነዚህ ውሳኔዎች መጠሪያ ናቸው። ውሳኔው ከሌለ ውድ ካሜራ የሚሰጠን ጥርት ያለ ባዶ ምስል ነው። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ከጎንደር ልጆች ታሪክ ርቆ መሄድ አያሻም።

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ የአርበኞችን ተጋድሎ በ«ጎንደሬ በጋሻው» የጻፉ፣ ተውኔትም የሚደርሱ ሰው ነበሩ። ልጃቸው አሜሪካ ሄደው መጀመሪያ በቺካጎ ቲያትር፣ ቀጥሎም በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1974 ዘውዱ እየተንገዳገደ፣ ወታደሩም ገና ሥልጣኑን ሳያደላድል፣ ወደ አገራቸው መጥተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጹ። ቀረጻው የፈጀው ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ሲሆን የተቀረጸውም ከተለመደው 35 ሚሊ ሜትር በሚጠበውና ወጪው በሚያንሰው 16 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ዓይነቱ ካሜራ 400 ጫማ ርዝመት ያለው አንድ ጥቅል በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሮጥ 11 ደቂቃ ያህል ብቻ ይቀርጻል። ፍሬም የምንላት አንዷ የቆመች ምስል ናት፤ ዓይናችን እንቅስቃሴ መስሎ የሚያየው ሃያ አራቱ በአንድ ሰከንድ ተከታትለው ሲያልፉ ነው። ካሜራው ከተከፈተ ጀምሮ እስኪዘጋ የተቀረጸው አንድ ሾት ይባላል፤ ያው ሾት ሲደጋገም እያንዳንዱ ሙከራ ቴክ ነው፤ በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ የሚፈጸመውን ድርጊት የሚያሳዩት ሾቶች ተደምረው ሲን ይሆናሉ። ጥቅሉ በ11 ደቂቃ የሚያልቅበት ዳይሬክተር እያንዳንዱ ቴክ ገንዘብ መሆኑን ስለሚያውቅ ካሜራው ሳይከፈት በፊት ይወስናል። ስልክ የያዘ ጀማሪ ግን ሰዓታት ሙሉ መቅረጽ ስለሚችል ውሳኔውን ለኤዲተሩ ያስተላልፋል። ኤዲተር የተቀረጸውን ይመርጣል እንጂ በስህተት ቦታ የቆመን ካሜራ ተመልሶ ሊያዛውረው አይችልም።

ከውሳኔዎቹ ሁሉ ቀዳሚው ርቀት ነው። ሎንግ ሾት ሰውን ከእግር እስከ ራሱ ከነአካባቢው ያሳያል፤ ሚዲየም ሾት ከወገብ በላይ ይወስደዋል፤ ክሎዝ አፕ ፊቱን ብቻ ያስቀራል። ከርቀቱ ጋር ደግሞ ከፍታው ይመጣል፤ ካሜራው ቁልቁል ሲያይ ሰውየው ያንሳል፣ ሽቅብ ሲያይ ይገዝፋል። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ውስጥ ጭሰኞቹ ከበሬዎቻቸው ጋር በሰፊው መሬት ላይ በሩቅ ይታያሉ፤ ባለርስቱ ከፍ ካለ ቦታው ሆኖ ይቆጣጠራቸዋል። ተመልካቹ ማን ማንን ቁልቁል እንደሚያይ በዓይኑ እያየ የመሬት ሥሪቱን ይረዳል፤ ገላጭ ድምፅ አያስፈልገውም። መሬቱን ተነጥቆ እብድ የተባለው ከበበ ሲናገር ካሜራው ሌላ ቦታ ይዞ ይሰማዋል። እንግዲህ ርቀት የፍቅር፣ የሥልጣንና የፍርድ መግለጫ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ ምን ያስረዳል? ወደ ጎንደር ስንመለስ፣ ከግንቦቹ በላይ የሚንሳፈፍ የድሮን ምስል በፊልም መክፈቻ ላይ ቢገባ ክፋት የለውም፤ ታሪኩ የሚፈጸምበትን ቦታ ያስተዋውቃል። ነገር ግን በድሮኑ ተከፍቶ ከዚያ በኋላ ታሪኩ በየትኛውም ከተማ ሊሆን በሚችል የሳሎን ሶፋ ላይ የሚያልቅ ከሆነ፣ ግንቡ ጌጥ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ረጅም ሾት ያሰለቻል፣ የዛሬ ተመልካች አይታገሥም የሚል ተቃውሞ አለ። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚሄደው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ቀላል ፊልም አለመሆኑን እኔም እቀበላለሁ። ሆኖም ሾትን አሰልቺ የሚያደርገው ርዝመቱ አይመስለኝም፤ በውስጡ ምንም ነገር ሳይለወጥ መቆየቱ ነው። የሊማሊሞን ዳገት በሸክም የሚወጣ ሰው ከታች አንድ ጊዜ፣ ከላይ አንድ ጊዜ ታይቶ መሐሉ ቢቆረጥ፣ ተመልካቹ መውጣቱን ያውቃል፤ መድከሙን ግን አያውቅም። ሳይቆረጥ ሲታይ ትንፋሹ ሲያጥር፣ እርምጃው ሲቀንስ፣ ትከሻው ላይ ገመዱ ሲንሸራተት እናያለን፤ በየሰከንዱ የሚለወጥ ነገር አለ። እውነቱን ለመናገር የደጋው ሕይወት፣ እርሻው፣ ውኃ መቅዳቱ፣ ወደ ገበያ መውረዱ፣ በጊዜ የሚለካ ድካም ነው፤ ጊዜውን የቆረጠ ሰው ዋናውን ቁም ነገር ቆርጧል። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ም ቢሆን ተረስቶ አልቀረም፤ የፊልም ዳይሬክተሩ የማርቲን ስኮርሴዚ ተቋም ከጣሊያኑ የቦሎኛ ሲኒማ ቤተ መዛግብት ጋር ሆኖ አድሶታል።

ካት፣ ማለትም ከአንድ ሾት ወደ ሌላው መሻገር፣ በበኩሉ የራሱ ሕግጋት አሉት። ከእነዚህ ውስጥ ጀማሪን አዘውትሮ የሚጥለው የ180 ዲግሪ ሕግ የሚባለው ነው። ሁለት ባላጋራዎች በሽማግሌ ፊት ተፋጠው ተቀምጠዋል እንበል። ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው የሚሄድ የማይታይ መስመር አለ፤ ካሜራው ከመስመሩ በአንደኛው ወገን ከቆየ፣ አንዱ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ያያል፣ ተመልካቹም እርስ በርስ እየተነጋገሩ መሆኑን ሳይጠራጠር ይከተላል። ካሜራው ሳይታሰብ መስመሩን ሲሻገር ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ይሆኑና ክርክሩ ከማን ጋር እንደሆነ ይጠፋል። ይህም ሆነ ሌላው የካት ሕግ ግን የማይጣስ ማለት አይደለም። ፕሮፌሰር ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በዓመቱም በዋጋዱጉ ፌስፓኮ የተባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቅ ሽልማት ባገኘው «ጤዛ» የጊዜን ቅደም ተከተል ሆን ብለው ሰባብረውታል። ከጀርመን በአካሉም በመንፈሱም ቆስሎ በጣና አካባቢ ወዳለ የትውልድ መንደሩ የተመለሰው አንበርብር ያለፈውን የሚያስታውሰው በቁርጥራጭ ነው፤ ካቱም ከመንደሩ ወደ ጀርመን፣ ከጀርመን ወደ አዲስ አበባ፣ ከጉልምስናው ወደ ልጅነቱ ይዘላል። ተመልካቹ መጀመሪያ ግር ይለዋል፤ ግርታው ግን የአንበርብር የራሱ ግርታ ስለሆነ ታሪኩን ያገለግላል። ባለማወቅ በሚፈጠር ግርታና ታስቦ በተሠራ ግርታ መካከል ያለውን ልዩነት ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ብርሃን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ በደጋው ላይ ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው እሱ ነውና። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ደባርቅና የሰሜን ተራሮች ደግሞ ከዚያም እጅግ ይበልጣሉ። አየሩ ስስ ስለሆነ የፀሐይ ብርሃን ብዙ ሳይበተን ይደርሳል፤ ብርሃኑ ይበረታል፣ ጥላውም ይጠቁራል። በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ቀጥ ብላ ስለምትቆም የዓይን ጉድጓድ በቅንድብ ጥላ ይሞላል፤ ያኔ ተዋናዩ ምንም ያህል ቢተውን ዓይኑ አይታይም። በዚህ ላይ ነጭ ጋቢ የለበሰ ጠይም ወይም ጥቁር ሰው ሲጨመር ችግሩ ይከራል። ኤክስፖዠር ወደ ካሜራው የሚገባውን ብርሃን የመመጠን ሥራ ነው፤ የሌንሱን ቀዳዳ በማስፋትና በማጥበብ፣ የመዝጊያውን ፍጥነት በመለወጥ፣ የመቅረጫውን የብርሃን ስሜት በማስተካከል ይከናወናል። ስልክ ይህን በራሱ ሲወስን ብሩሁን ጋቢ አይቶ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ የሰውየውም ፊት ይጨልማል። ይህ የስልክ ብቻ በደል እንዳይመስል፤ የፊልም ጥቅል ሲመረት በነበረበት ዘመን የቀለሙ ልክ የሚስተካከለው የነጭ ሴቶችን ፎቶ መለኪያ በማድረግ ስለነበር የጥቁር ሰው ፊት ዝርዝሩ ሲጠፋ ኖሯል። መፍትሔው ብዙ ወጪ የለውም። ብርሃኑን በፊቱ ልክ መመጠን፣ ጋቢው ከመጠን በላይ ከነጣ ተዋናዩን ወደ ጥላ ማስገባት፣ ነጭ ጨርቅ ወይም ሰሌዳ ይዞ ብርሃኑን ከታች ወደ ፊቱ መመለስ። የቀረጻውን ሰዓት ማወቅም ግማሽ ሥራ ነው። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ወዲህ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፤ የግንቡ ድንጋይ ሸካራነቱ፣ የፊት መስመሩ ሁሉ ይወጣል። ምሽቱ ግን በዚህ አገር አጭር ነው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለግማሽ ሰዓት እንኳ የሚበቃ ብርሃን አይቀርም። ስለዚህ የምሽት ሲን ያለው ቡድን ልምምዱን ቀን ጨርሶ፣ ካሜራውን ተክሎ መጠበቅ አለበት።

ከብርሃን ጋር የሚሄደው ኮንቲኒዩቲ የሚባለው የተከታታይነት ጥንቃቄ ነው። ተዋናዩ በአንዱ ሾት ነጠላውን በግራ ትከሻው አጣፍቶ በሚቀጥለው በቀኝ ቢያደርገው ተመልካች ይይዘዋል። በደጋው ላይ ይህ ጥንቃቄ መሬቱንም ይጨምራል። በመስከረም አደይ አበባ የለበሰ ኮረብታ በየካቲት ደርቆ ይገኛል፤ የአንድ ቀን ታሪክ በሁለት ወቅት ከተቀረጸ ምንም ዓይነት የቀለም ማስተካከያ አያድነውም።

ብዙዎቹን ፊልሞቻችንን የሚጥለው ግን ምስሉ ሳይሆን ድምፁ ነው ብዬ አምናለሁ። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም። ካሜራው ላይ ያለ ማይክ ለተዋናዩ ሩቅ ነው፤ ከተዋናዩ ይልቅ ባጃጁን፣ የአፋፉን ነፋስና የካሜራ ማኑን እጅ ይሰማል። ማይኩ በረጅም ዘንግ ተይዞ ከፍሬሙ ውጭ ግን ከአፍ ቅርብ ሆኖ ሲያዝ ቡም ይባላል፤ በነፋሻ ቦታ ፀጉራም መከለያ ይለብሳል። ድምፁ ለብቻው ከተቀረጸ በየቴኩ መጀመሪያ በክላፕ ወይም በጭብጨባ ምልክት ይሰጣል፤ ኤዲተሩ የክላፑን ድምፅ እጆቹ ከሚገናኙበት ፍሬም ጋር አጋጥሞ ያስተካክላል። ንግግሩ ካለቀ በኋላም ሁሉም ዝም ብሎ የቦታውን ባዶ ድምፅ ለግማሽ ደቂቃ መቅረጽ ያስፈልጋል፤ ካቱ ላይ የሚፈጠረው ክፍተት በዚያ ይሞላል። ከፍ ባለ የግንብ አዳራሽ ውስጥ ንግግር ያስተጋባል፤ ከፍሬሙ ውጭ ወለሉ ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ቢነጠፍ ማስተጋባቱ ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ቋንቋ ነው፣ የእኛን ኑሮ በእሱ መለካት አይገባም የሚሉም አሉ። ስሞቹ ከውጭ መምጣታቸው እውነት ነው። ውሳኔዎቹ ግን ለጎንደር እንግዳ አልነበሩም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ጻድቃን ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ዞሮ፣ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ ከሃዲና ክፉ ሰው ግን ከጎኑ፣ በአንድ ዓይን ይታያል። ሠዓሊው ማንን ፊት ለፊት እንደምናይ፣ ማን ደግሞ ከእኛ ፊቱን እንደሚያዞር ወስኖልናል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ፊት የቆመ ሰው ታሪኩ በክፍል በክፍል ተከፍሎ ተራ በተራ ሲሄድ ያያል፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ዓይኑ ሲሻገር ጊዜውም ይሻገራል። በዚህ ባህል ውስጥ ያደገ ወጣት ፍሬምና ካት የተባሉትን ከሌላው ፈጥኖ ሊገነዘባቸው ይችላል።

የገንዘቡን ነገር ግን አልክድም። «ጤዛ» ተጠንስሶ እስኪያልቅ ከአሥር ዓመት በላይ ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ሳንኮፋ» አከፋፋይ አጥቶ ፕሮፌሰር ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና በየከተማው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው አሳይተውታል። እጦት ዕድሜ ይበላል፤ «በስልክም ይሠራል» ብሎ ማድበስበስ ተገቢ አይደለም። እኔ የምከራከረው ያለችው ጥቂት ገንዘብ የት ትዋል በሚለው ላይ ነው። ጎንደር ውስጥ የመጀመሪያ አጭር ፊልሙን የሚያዘጋጅ ቡድን ገንዘቡን አስቀድሞ በማይክሮፎንና በድምፅ መቅረጫ ላይ ቢያውል፣ ቀጥሎ ቀረጻው በሁለት ቦታ የሚቀመጥበትን ሃርድ ዲስክ ቢገዛ፣ ከዚያም ቡድኑን ገደሉ አፋፍ ድረስ የሚያደርሰውን መኪናና ለሁሉም የሚበቃ ምሳ ቢያስብ፣ ሥራው መልክ ይይዛል። ካሜራውን ለቀረጻው ቀናት ብቻ መከራየት ይቻላል።