ምላጭ በጉንጭ፣ ዜማ በጆሮ

ፊትን በሳሙና አረፋ ሸፍኖ፣ አንገትን ቀና አድርጎ፣ ከመስተዋት ፊት ቆሞ ጢምን መላጨት አጭር የማለዳ ሥራ ነው። በእነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች እጅ ምላጭ ይይዛል፤ ዐይንም ከመስተዋቱ አይነቀልም። ሥራ ፈት ሆኖ የሚቀረው ጆሮ ብቻ ነው። ጆሮም ሥራ ሲፈታ ዜማ ይሻል። በብዙ ቤት ምላጭና ራዲዮን አብረው ሲነሡ የኖሩት በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ይሁንና ዜማ ሁሉ ለምላጭ አይሆንም። ይህንን ከሁሉ አስቀድሞ በምስል ያሳየን ቻርሊ ቻፕሊን ነው ለማለት ያስደፍራል። እ.ኤ.አ. በ1940 ባቀረበው «ታላቁ አምባገነን» በተሰኘው ፊልሙ ውስጥ ጸጉር አስተካካይ ሆኖ ይታያል። ራዲዮኑ የብራምስን አምስተኛውን የሀንጋሪ ዳንስ ሲያሰማ፣ አስተካካዩ በወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ደንበኛ በዚያው ዜማ ልክ ይላጨዋል። ዜማው ሲፈጥን ምላጩ ይፈጥናል፤ ዜማው ሲረግብ ምላጩም ይረግባል። ተመልካች ይስቃል፤ ደንበኛው ግን የሚስቅበት ምክንያት የለውም። ቀልዱ እውነት ያዘለ ነው፤ እጅ ጆሮ የሰማውን መከተሉ አይቀርምና።

ከዚያ አስቀድሞም ጣሊያናዊው ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1816 በሮም ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመድረክ በበቃው «የሴቪሊያው ጸጉር አስተካካይ» በተሰኘው ኦፔራው ምላጭንና ሙዚቃን በአንድ ክፍል አገናኝቷቸዋል። ፊጋሮ የሽማግሌውን የባርቶሎን ጢም ሲላጭ፣ የሙዚቃ መምህር መስሎ ወደ ቤት የገባው ወጣት ሽማግሌው ሊያገባት ከሚመኛት ልጃገረድ ጋር በሹክሹክታ ይመካከራል። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያረፈበት ሰው እንዳሻው ፊቱን ማዞር አይሆንለትም!

ወደ አገራችን እንመለስ። ትከሻን የሚጠራው የእስክስታ ምት በማለዳ ደስ ቢያሰኝም፣ ለሚላጭ ሰው ግን አደገኛ ወዳጅ ነው። ትከሻ ሲነቃነቅ ክንድ ይከተላል፤ ክንድ ሲነቃነቅም ጉንጭ ይደማል። ግጥም ያለው ዘፈንም የራሱ ጣጣ አለው። የሚወዱትን ዘፈን ሰምቶ አብሮ አለማንጎራጎር ለብዙዎቻችን አስቸጋሪ ነው፤ የላይኛውን ከንፈር የሚላጭ ሰው ደግሞ አፉን ገጥሞ ከመቆም በቀር ምርጫ የለውም። ስለዚህ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለምላጭ የሚስማማው ቃል የሌለው ዜማ ነው። ለምሳሌ ዋሽንት፤ የዋሽንት ዜማ ትንፋሽ እየወሰደ የሚሄድ በመሆኑ እጅንም አብሮ ያሳርፋል። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያረፉት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ዜማዎችም እንዲሁ ናቸው። ጣታቸው አይቸኩልም፤ የሚሰማቸውንም አያስቸኩልም።

ይህ ልማድ እንደ ምላጩ ጥንታዊ እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል። የቀድሞው ባለ አምፑል ራዲዮን ትልቅ የቤት ዕቃ ነበርና በሳሎን፣ ዳንቴል ለብሶ፣ በክብር ይቀመጥ ነበር እንጂ ወደ መታጠቢያው አይዞርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የትራንዚስተር ራዲዮን፣ ከእርሱም በኋላ የተከተሉት፣ ዜማን ከሳሎን አውጥተው ከሳሙናውና ከብሩሹ አጠገብ አኖሩት። ዛሬ ዛሬ ደግሞ ያንን ቦታ የእጅ ስልክ ወርሶታል።

ከዓመቱ ማለዳዎች ሁሉ የምላጭ ዜማ እንደ ትንሣኤ ማለዳ የሚጣፍጥበት ጊዜ ግን የለም። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት በቤተ ክርስቲያን ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ሊቃውንቱ ጾመ ድጓውን በመቋሚያ ብቻ ያዜማሉ። በየቤቱም ዘፈን ታግዶ የበገና ድርደራ ሲደመጥ ይሰነብታል፤ የዓለሙ አጋን በገና በዚህ ወቅት የማያስታውስ ምእመን ጥቂት ነው። በትንሣኤ ሌሊት ከበሮው እንደገና ሲመታ ጆሮ የሚሰማው የከበሮውን ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ዝምታ ማብቃቱንም ነው። ከቅዳሴ ተመልሶ፣ ፈስኮ፣ ጥቂት ካረፈ በኋላ መስተዋት ፊት የሚቆም አባወራ፣ ራዲዮኑ የበዓል ዘፈን ሲያሰማ ለምን ምላጩን ገታ እንደሚያደርግ የሚያውቀው የጾመ ሰው ነው።

በዚያው ማለዳ ግን ራዲዮን የማይከፈትበት ቤትም አለ። በባህላችን ኀዘንተኛ ጢሙን አይላጭም፤ በቤቱም ዘፈን አይሰማም። ጎረቤት እንኳ ይሉኝታ ይዞት የራሱን ራዲዮን ድምፅ ይቀንሳል። ጢሙ ሲያድግ የኀዘኑ ምልክት ሆኖ ከሩቅ ይታያል፤ ዝምታው ደግሞ በደጃፉ ለሚያልፍ ሁሉ ይሰማል። ምላጭና ዜማ የተቆራኙ መሆናቸው ከየትም ይልቅ በዚህ ቤት ጎልቶ ይታወቃል፤ ሁለቱ አብረው ሄደዋልና።

ስለዚህም ዓመት በዓል ሲደርስ ሽማግሌዎችና ዘመዶች ተሰብስበው ወደ ኀዘንተኛው ይሄዳሉ። «ይበቃል፤ እግዚአብሔር ያጽናህ፤ ለልጆቹ ስትል» ብለው ይመክሩታል። አንዳንዱ እሺ ይላል፤ አንዳንዱ ገና ነው ይላል፤ ማንም አያስገድደውም። እሺ ያለ እንደ ሆነ ውኃ ይሞቃል፤ ፎጣ ይቀርባል፤ ብዙ ጊዜም ምላጩን የሚይዘው እርሱ ራሱ ሳይሆን ወንድሙ ወይም የልብ ወዳጁ ነው። በዚያች ሰዓት ምን ይሰማ የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ከለቅሶ ወደ ጭፈራ በአንድ እርምጃ መሻገር ለኀዘንተኛው ይከብዳል፤ ለሟችም ክብር አይሆንም። ዘመዶቹ ብልህ ከሆኑ ዘፈኑን ለሌላ ቀን አቆይተው፣ ጾሙ ቢያበቃም ቅሉ፣ በገናውን ወይም ዋሽንቱን ያስቀድማሉ። ራዲዮኑን የሚከፍተውም ከልጆቹ አንዱ ነው፤ መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይከፍታል፤ የአባቱን ፊት በመስተዋቱ ውስጥ ይመለከታል፤ አባት ዝም ካለ ጥቂት ከፍ ያደርገዋል።