አጥብቆ መያዝ ሁልጊዜ ይበጃልን?

በፊዚክስ ትምህርት ስለ ትስስር ስናነሣ፣ የጠበቀው ሁሉ የተሻለ ነው ብለን መገመት ይቀናናል። በሰውነታችን የመከላከያ ሥርዓት ውስጥ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

ቲ-ሴል የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ በላዩ ባሉት ተቀባይ ፕሮቲኖች የሌሎችን ሕዋሳት ገጽ ይዳስሳል፤ በዚያ የሚታዩትንም የፕሮቲን ቁርጥራጮች ይመረምራል። ባዕድ ወይም የተዛባ ቁራጭ ሲያገኝ ሕዋሱን ሊገድል ይችላል። ወሳኙ ነገር ጊዜ ነው። ተቀባዩ ጥቂት ሰከንዶች ያህል ካልያዘ፣ በቲ-ሴሉ ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚካሄደው ኬሚካዊ ሂደት ከመጠናቀቁ በፊት ይቋረጣል።

ታዲያ ሜላኖማ የተባለውን አደገኛ የቆዳ ካንሰር ለማጥፋት ስለምን ይሳናቸዋል? ይህ ካንሰር የሚነሣው ለቆዳችን ቀለም ከሚሰጡት ሜላኖሳይቶች ነው፤ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሕዝቦች ዘንድ ብዙ ጊዜ በውስጥ እግር ላይ ይታያል። በገጹ ከሚያሳያቸው ምልክቶች መካከል ማርት-1ን የመሳሰሉት በጤናማ ሜላኖሳይቶችም ላይ ይገኛሉ። ከደረት አጥንት በስተጀርባ ያለው ታይመስ ደግሞ የራስን አካል አጥብቀው ከሚይዙት ቲ-ሴሎች ብዙዎቹን አስቀድሞ ያስወግዳል። የሚተርፉት በአብዛኛው አያያዛቸው የላላ ነው።

በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት የስቲቨን ሮዘንበርግ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት፣ ማርት-1ን የሚለይ ተቀባይ የተገጠመላቸውን ቲ-ሴሎች ከወሰዱት 17 ሕሙማን ዕጢያቸው በጉልህ የቀነሰው የ2ቱ ብቻ ነበር። ይበልጥ አጥብቆ በሚይዝ ተቀባይ ተሞክሮ በ2009 በተገለጸው ውጤት ግን ከ20ው 6ቱ ተጠቅመዋል። ሆኖም በቆዳ፣ በዓይንና በውስጠኛው ጆሮ ያሉ ጤናማ ሜላኖሳይቶችም አብረው ተጠቁ።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሌላ ዘገባ ከዚህ የከፋ አደጋ አሳየ። ማጌ-ኤ3 የተባለውን ፕሮቲን አጥብቆ እንዲይዝ በቤተ ሙከራ የተሻሻለ ተቀባይ፣ በልብ ጡንቻ ውስጥ ያለውን ታይቲን በስሕተት ያዘ። 2 ሕሙማን፣ አንደኛው የሜላኖማ በሽተኛ፣ በቀናት ውስጥ ሞቱ።

ይህ ማለት የጠበቀ አያያዝ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በአሜሪካ ለዓይን ሜላኖማ የተፈቀደው ቴቤንታፉስፕ ከቲ-ሴል ተለይቶ የተሠራ፣ እጅግ አጥብቆ የሚይዝ ተቀባይ አለው። በአንድ ጫፉ የካንሰሩን ሕዋስ ይይዛል፤ በሌላው በአቅራቢያው ያለውን ቲ-ሴል ይስባል።

እንግዲህ ጥያቄው ምን ያህል፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በየትኛውስ ሕዋስ ላይ የሚል ነው። ይህን ስሌት ለሐኪሞች ብቻ የምንተወው አይደለም፤ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ተማሪዎችም ድርሻ ነው።