ከርዳዳ ፀጉር ለምን ይደርቃል?

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ሹሩባ የምትሠራ ሴት ፀጉርን የምታውቀው በጣቷ ነው። ደንበኛዋ ገና እንደተቀመጠች ከማጅራቷ በኩል ገልጣ ትዳስሳለች። ዞማና ከርዳዳ አንድ ራስ ላይ ሲገኙም አይደንቃትም፤ ግንባር ላይ የለሰለሰ ፀጉር አናት ላይ ጠንከር ሊል ይችላል።

የአሜሪካዊቷ የቴሌቪዥን አቅራቢ የኦፕራ ዊንፍሬይ ፀጉር ሠሪ የነበረው አንድሬ ዎከር ይህን ልዩነት በቁጥር አስቀምጦታል። በእኛ አነጋገር 1 ሉጫ፣ 2 ዞማ፣ 3 ጥቅልል፣ 4 ከርዳዳ ልንላቸው እንችላለን። ወጣቶች ዛሬ «4ሲ» የሚሉት ከዚሁ የመጣ ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከራስ ቆዳ ሥር ነው። ፀጉሩ የሚበቅልበት ቀዳዳ ቀጥ ካለ ፀጉሩም ቀጥ ይላል፤ ከጎበጠ እየተጠቀለለ ይወጣል። ቆዳችን የሚያወጣው ወዝ በሉጫ ፀጉር ላይ በቀላሉ ቁልቁል ይወርዳል፤ በከርዳዳ ፀጉር ላይ ግን በየመታጠፊያው እየተያዘ ጫፉ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ከርዳዳ ቶሎ የሚደርቀውና የሚበጠሰው ለዚህ ነው እንጂ ክፉ ፀጉር ስለሆነ አይደለም። ልጆችን «ከርዳዳ» እያሉ ማሸማቀቅ ቢቀር እወዳለሁ።

እናቶቻችን ለጋ ቅቤ ሲቀቡን የጎደለውን ወዝ እየተኩልን ነበር። ቅቤ ግን እርጥበትን ይዞ ያቆያል እንጂ ራሱ ውሃ አይሆንም። ስለዚህ ታጥቦ ገና እርጥብ ሳለ መቀባት ይሻላል። ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ግድም ከፍ ባለችው ደሴ ብርዱ ቅቤውን ስለሚያረጋው መዳፍ ላይ አሽቶ ማለስለስ ያስፈልጋል፤ ሞቅ ባለችው ኮምቦልቻ ይህ ድካም ይቀላል።

የራስዎን ለማወቅ ታጥበው፣ ምንም ሳይቀቡ በነፋስ ያድርቁት። ከዚያ አንዲት ዘለላ ይዘው ሳብ አድርገው ይልቀቁ። ከርዳዳ ከሆነ እንደ ስፕሪንግ ተመልሶ ይሰበሰባል፤ ሲሳብ የሚታየውን እጥፍ ሊረዝም ይችላል። «ፀጉሬ አያድግም» የሚሉ ብዙዎች ይህን አላዩም። ሲያበጥሩ ጥርሱ በሰፋ ሚዶ ከጫፍ ይጀምሩ። ፔስትራ ያቀናው ፀጉር ውሃ ሲነካው ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ሪላክሰር የነካው ግን አይመለስም፣ በተፈጥሮው የሚወጣው አዲስ የሚበቅለው ብቻ ነው።

ወደ ሹሩባ ስንመለስ፣ የሴት ብቻ አልነበረም። አፄ ቴዎድሮስም በሹሩባቸው ይታወቃሉ፤ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደው ዘለላ ፀጉራቸው ለንደን ከሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ሹሩባ ሲሠሩ ጉንጉኑ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ግን የግንባር ፀጉር እየሳሳ ይሄዳል። ካመመዎት ከወንበሩ ሳይነሱ ይናገሩ፤ ይላላልዎታል።